ለቤት የሚሆን የመጀመሪያ ሽጉጥ፦ ከወረቀቱ እስከ መቆለፊያው

«ወንድሜ፣ ለቤት አንድ ሽጉጥ ልይዝ ነው። የቱን ልግዛ? ጥይትስ ስንት ላስቀምጥ?» ይቺ ጥያቄ አታልቅም። አንዱ ሱቅ ያለው ነው፣ አንዷ የሌሊት ሺፍት ጨርሳ ብቻዋን የምትገባ ናት፣ ሌላው ደግሞ መብራት ለቀናት ቢጠፋና ፖሊስ ቶሎ ባይደርስ ብሎ የሚሰጋ ነው። ሁሉም ከሞዴሉ ይጀምራሉ። ሞዴሉ ግን ከዚህ ሁሉ ውስጥ ቀላሉ ነው፤ ሰው ችግር ውስጥ የሚገባው በወረቀቱ፣ በማስቀመጫውና በመኪናው ነው። ስለዚህ አንድ ጊዜ በቅደም ተከተል ልጻፈው፣ ከእንግዲህ ለሚጠይቀኝ ይህንኑ እልካለሁ።

የምጽፈው ቨርጂንያ፣ ሜሪላንድና ዲሲ አካባቢ ለምትኖሩ ነው። ሌላ ስቴት ያላችሁ የፌዴራሉን ክፍል ውሰዱና የስቴታችሁን ሕግ ራሳችሁ እዩ። እኔ ጠበቃ አይደለሁም፣ ሕጉም ይቀያየራል፤ በምትገዙበት ሳምንት የስቴት ፖሊስን ድረ ገጽ ክፈቱ።

የሚያስፈልጉ ነገሮች

- አድራሻው የአሁኑ የሆነ መንጃ ፈቃድ ወይም የስቴት መታወቂያ፣ ዜጋ ካልሆናችሁ ግሪን ካርድ
- ከግድግዳ፣ ከወለል ወይም ከአልጋ ጋር የሚታሰር የብረት መቆለፊያ ሣጥን
- 9 ሚሊ ሜትር ሽጉጥ፣ ከ3 እስከ 4 ካዝና (ጥይት የሚሞላበት ተነቃይ መያዣ) ጋር
- ለልምምድ 500 ያህል ጥይት፣ ለቤት የሚቀመጥ 100 ያህል
- የጆሮ መከላከያና የዓይን መነጽር
- የማጽጃ ዕቃና ዘይት
- የእጅ ባትሪ
- ደም ማቆሚያ ማሰሪያ (ቱርኒኬት) ያለበት የመጀመሪያ እርዳታ ቦርሳ
- የአንድ ቀን የጀማሪዎች ሥልጠና

ገንዘቡን ስትደምሩ ሽጉጡን ብቻ አትቁጠሩ። ጥሩ አዲስ ሽጉጥ ከ400 እስከ 600 ዶላር ይገኛል። ሣጥኑ፣ ጥይቱ፣ ሥልጠናውና የሬንጁ (የተኩስ መለማመጃው) ክፍያ ሲጨመር ግን እጥፍ ሊጠጋ ይችላል። ለዚያ የሚሆን ገንዘብ ከሌለ ግዢውን ለጊዜው ማቆየት ይሻላል።

አንድ ነገር ደግሞ ቀድሞ ይለቅ። ይህ ሁሉ ለአደጋ ጊዜ ዝግጅት ነው ካላችሁ፣ ለእያንዳንዱ ሰው በቀን አንድ ጋሎን ውኃ፣ ደረቅ ምግብ፣ መድኃኒትና ስልክ መሙያ ቤት ውስጥ አለ? አውሎ ነፋስ መብራት ሲያጠፋ መጀመሪያ የሚጠፋው ውኃና ሙቀት ነው። እነዚህ ከተሟሉ በኋላ ወደ ሽጉጡ እንሂድ።

1. መያዝ ትችሉ እንደሆነ አረጋግጡ

ፈቃድ ያለው ሱቅ ሽጉጥ የሚሸጠው 21 ዓመት ለሞላው ነው። ዜጋም ግሪን ካርድ ያለውም ሌላ ክልከላ ከሌለበት መግዛት ይችላል። በተማሪ፣ በጉብኝት ወይም በሌላ ጊዜያዊ ቪዛ ያለ ሰው ግን ከጥቂት የሕግ ልዩነቶች በስተቀር አይችልም። ልብ በሉ፣ ክልከላው በመግዛት ላይ ብቻ አይደለም፣ በመያዝም ላይ ነው። ሬንጅ ሄዶ ለአንድ ሰዓት ተከራይቶ መተኮስም «መያዝ» ነው። ከአገር ቤት ለጉብኝት የመጣ ዘመድ ይዛችሁ «ና እስቲ ሞክር» እንዳትሉ። የጥገኝነት ጉዳያችሁ ገና ያላለቀ ከሆነ መጀመሪያ የኢሚግሬሽን ጠበቃችሁን ጠይቁ፣ ከዚያ በፊት አትንኩ።

በቤት ውስጥ ጥቃት የተፈረደበት ወይም ፍርድ ቤት የጥበቃ ትእዛዝ ያወጣበት ሰውም አይችልም። ማሪዋና የሚጠቀምም እንደዚሁ። ስቴቱ ቢፈቅድም ስትገዙ ሱቁ የሚያስሞላችሁ ፎርም የሚጠይቀው በፌዴራል ሕግ ነው።

ጫትስ? ይቺን ማንም አይጠይቀኝም፣ መጠየቅ ግን ነበረባችሁ። ጫት ውስጥ ያለው ካቲኖን በፌዴራል ሕግ በአንደኛ መደብ የተከለከለ ንጥረ ነገር ነው። ፎርሙ ደግሞ ሕገ ወጥ አነቃቂ ትጠቀማለህ ወይ ብሎ ይጠይቃል። ቅዳሜ ቅዳሜ የሚቅም ሰው «አይ» ብሎ ሲፈርም የሐሰት ቃል እየሰጠ ነው።

ለግሪን ካርድ ባለቤቶች ይህ ደረጃ ከሁሉ ይበልጣል። ከመሣሪያ ጋር የተያያዘ ጥፋተኝነት ከአገር ሊያስወጣ ይችላል። ዜጋው የሚቀጣበት፣ እናንተ ደግሞ ከቅጣቱም በላይ መኖሪያችሁን የምታጡበት ነው።

2. የስቴታችሁን ወረቀት ጨርሱ

ሜሪላንድ ውስጥ ሽጉጥ ለመግዛት መጀመሪያ የሽጉጥ ብቁነት ፈቃድ ያስፈልጋል፤ እዚያ በአጭሩ ኤችኪውኤል ይሉታል። የ4 ሰዓት ሥልጠናና የጣት አሻራ ይጠይቃል። ከዚያ በኋላም ሱቁ ከማስረከቡ በፊት የ7 ቀን መጠበቂያ አለ፣ ስቴቱ ካጸደቀው ዝርዝር ውጭ ያለ ሞዴልም አይሸጥም። ዲሲ ሽጉጡ በከተማው ፖሊስ መመዝገብ አለበት። ቨርጂንያ የመግዣ ፈቃድ የሚባል ነገር ሳይኖር ሱቁ ውስጥ በስቴት ፖሊስ በኩል የኋላ ታሪክ ማጣሪያ ይደረጋል።

ሽጉጥ የሚገዛው በምትኖሩበት ስቴት ነው። ሲልቨር ስፕሪንግ እየኖሩ አሌክሳንድሪያ ሱቅ ገብቶ ገዝቶ መውጣት የለም። ሌላ ስቴት ያያችሁትን ከወደዳችሁ ሱቁ እናንተ ስቴት ላለ ባለ ፈቃድ ሱቅ ይልከዋል፣ ከዚያ ትረከባላችሁ።

3. መቆለፊያ ሣጥኑን ቀድማችሁ ግዙ

ሽጉጡ ቤት የሚገባበት ማታ የሚተኛበት ቦታ ዝግጁ መሆን አለበት። «ለዛሬ ቁም ሣጥኑ ላይ ይሁን» የሚባለው ነገር ለወራት ይቀጥላል።

የሜካኒካል ቁልፍ ያለው ሣጥን ባትሪ አያልቅበትም። ኤሌክትሮኒክስ ከሆነ ባትሪውን በዓመት ሁለቴ ቀይሩ። ሰዓት ወደፊትና ወደኋላ በሚቀየርበት ቀን ብታደርጉት አይረሳም። የጣት አሻራ ብቻ የሚቀበለውን አልመክርም፣ እጅ ሲረጥብ ወይም ላብ ሲኖረው እምቢ ይላል። ሣጥኑ መታሰር አለበት። ያልታሰረ ሣጥን ሌባ ብብቱ ውስጥ ከትቶ የሚወጣው የሽጉጥ ማሸጊያ ነው።

ልጆች የሚያውቁትን ቁጥር፣ በተለይ የልደት ቀንን፣ ለመክፈቻ አታድርጉ። የልጆችን ብልጠት አትናቁ።

የኛ ቤት ደግሞ እንግዳ ይበዛበታል። ገና፣ ፋሲካ ወይም ክርስትና ሲሆን ካፖርቱና ቦርሳው ሁሉ መኝታ ቤት አልጋ ላይ ይከመራል፣ ሕፃናት ደግሞ እዚያው ይሯሯጣሉ። ስለዚህ ትራስ ሥር፣ ፍራሽ ሥር፣ ኮመዲኖ መሳቢያ ውስጥ፣ ቦርሳ ውስጥ ማስቀመጥ ፈጽሞ አይሆንም። ሜሪላንድም ቨርጂንያም መሣሪያ ልጅ እጅ በሚገባበት ሁኔታ ትቶ የተገኘ አዋቂ ይጠየቃል። ለልጆቻችሁ በአማርኛም በእንግሊዝኛም አስተምሩ፦ ካያችሁ አትንኩ፣ ከክፍሉ ውጡ፣ ለትልቅ ሰው ንገሩ።

4. በእጃችሁ ሞክራችሁ ምረጡ

አሁን ሞዴል። በ9 ሚሊ ሜትር፣ መካከለኛ መጠን ያለው፣ ጥይት በካዝና የሚጎርስ ሽጉጥ ውሰዱ። 9 ሚሊ የምለው ጥይቱ በየሱቁ ስለሚገኝ፣ ከትልልቆቹ ስለሚረክስና ምቱ ለጀማሪ የሚቻል ስለሆነ ነው። ግሎክ 19፣ ስሚዝ ኤንድ ዌሰን ኤም ኤንድ ፒ፣ ዋልተር ፒዲፒ በዚህ መደብ ውስጥ ናቸው። ከእነዚህ ውስጥ «ምርጡ» የቱ ነው ብላችሁ አትጨቃጨቁ፣ እጃችሁ ይወስን። ሱቅ ውስጥ ባዶ መሆኑ ታይቶ ሲሰጣችሁ እነዚህን እዩ።

ሀ) ስትጨብጡት የአመልካች ጣታችሁ የፊተኛው ገጽ ሳይንጠራራ ምላጩ ላይ ይደርሳል? የማይደርስ ከሆነ ምላጩን ስትስቡ አፈሙዙ ወደ ጎን ይሄዳል።

ለ) የላይኛውን ተንሸራታች ብረት (ስላይድ) ሙሉ በሙሉ ወደኋላ መሳብ ትችላላችሁ? ደጋግማችሁ ሞክሩ። ብዙ ሴቶችና ዕድሜያቸው የገፋ ሰዎች እዚህ ላይ ይቸገራሉ፣ ባለሱቁም ወዲያው ወደ ትንሿ ሽጉጥ ይመራቸዋል። ትንሿ ግን ብዙ ጊዜ ስፕሪንጓ የጠነከረ ናት። ስላይዱ ቀለል እንዲል ተደርጎ የተሠራ አለ፣ ለምሳሌ የስሚዝ ኤንድ ዌሰን ሺልድ ኢዜድ፣ እሱን አሳዩኝ በሉ።

ሐ) ካዝናውን በአንድ እጅ ማውጣት ይመቻል?

ከዚያ ሬንጅ ሄዳችሁ ሁለት ሦስቱን ተከራይታችሁ ተኩሱ። ቆንጆና ትንሽ የሆነችው ሽጉጥ ስትተኮስ ከትልቁ የበለጠ እጅ ትመታለች፣ ምክንያቱም ክብደቷ ምቱን አይውጠውም። የሚያም ሽጉጥ አትለማመዱበትም።

ሪቮልቨርስ (ጥይቱ በሚሽከረከር ጎማ ውስጥ የሚገባው)? አጠቃቀሙ ቀላል ነው፣ ስላይድ የለውም፣ ካዝናም የለውም። ግን ምላጩ ከባድ ነው፣ አብዛኛው ከ5 ወይም ከ6 ጥይት በላይ አይዝም፣ አጭሩን ሞዴል በትክክል መተኮስ ደግሞ ከጀማሪ በላይ ነው። ስላይድ መሳብ ጨርሶ ላልቻለ ሰው ይሆናል።

5. ፎርሙን በእውነት ሙሉ

ሱቁ ፎርም 4473 ይሰጣችኋል። ቀስ ብላችሁ አንብቡ። ሁለት ቦታ ላይ የኛ ሰው ይሳሳታል።

የመጀመሪያው ዜግነት ነው። ግሪን ካርድ ኖሯችሁ ተቻኩላችሁ «የአሜሪካ ዜጋ» የሚለውን ምልክት ካደረጋችሁ፣ ዜጋ ነኝ ብሎ በሐሰት መናገር በኢሚግሬሽን ሕግ ከከባዶቹ ጥፋቶች አንዱ ነው። በግሪን ካርዱ ላይ ያለውን ቁጥር ይዛችሁ ሂዱ፣ ይጠየቃል።

ሁለተኛው «የምትገዛው ለራስህ ነው?» የሚለው ነው። ለአጎት ልጅ ወይም ለጓደኛ በእሱ ገንዘብ፣ ወይም መግዛት ለማይችል ሰው ገዝቶ መስጠት የፌዴራል ወንጀል ነው፣ እስከ 15 ዓመት ያስፈርዳል። በይሉኝታ የሚደረግ ውለታ አይደለም። ማንም ቢለምናችሁ እምቢ በሉ።

ስማችሁ መንጃ ፈቃዱና ግሪን ካርዱ ላይ በተለያየ ፊደል ከተጻፈ፣ ወይም የአባት ስም እንደ ቤተሰብ ስም ሆኖ ከብዙ ሰው ጋር ከተመሳሰለ፣ ማጣሪያው ሊዘገይ ይችላል። ዘገየ ማለት ተከለከለ ማለት አይደለም። ሱቁ ውስጥ አትጨቃጨቁ፣ ጠብቁ።

6. ጥይቱን በልኩ አከማቹ

እዚህ ላይ ረዘም ላድርገው፣ ምክንያቱም «9 ሚሊ» የሚለው ስም ብዙ ሰው ያሳስታል። አገር ቤት ማካሮቭ የሚያውቅ ሰው «እሱም 9 ሚሊ ነው» ይላል። የማካሮቭ ጥይት 9 በ18 ነው፣ እዚህ የምትገዙት ሽጉጥ ግን 9 በ19 ነው፣ ሣጥኑ ላይ «9 ሚሊ ሜትር ሉገር» ተብሎ ይጻፋል። ሁለቱ አይለዋወጡም። ሌላ 9 በ17 የሆነም አለ፣ ሱቅ ውስጥ ሦስት ሰማንያ ይሉታል። መፍትሔው ቀላል ነው፦ በርሜሉ ላይ የተቀረጸውንና ሣጥኑ ላይ የተጻፈውን አስተያዩ። ካልተመሳሰለ አትግዙ።

ሁለት ዓይነት ያስፈልጋል። ለልምምድ ርካሹ፣ እርሳሱ በመዳብ የተሸፈነው። ለቤት ደግሞ ጫፉ ጎድጎድ ያለው። ምክንያቱ ግድግዳ ነው። የአፓርትመንት ግድግዳ ጂፕሰም ነው፣ የልምምዱ ጥይት ክፍል አልፎ ጎረቤት ሊደርስ ይችላል። ጫፉ ጎድጎድ ያለው ሲመታ ስለሚከፈት አልፎ የመሄድ ኃይሉ ይቀንሳል። ይቀንሳል እንጂ አይጠፋም፣ የሳተ ጥይት የትኛውም ቢሆን ግድግዳ ይበሳል።

ብዛቱስ? 5,000 ጥይት አልጋ ሥር መደርደር ዝግጅት አይደለም። የቤቱ 100፣ የልምምዱ 500 በቂ መነሻ ነው። የልምምዱን እየተኮሳችሁ ተኩ። ጥይት ደረቅና ቀዝቀዝ ያለ ቦታ፣ በራሱ ሣጥን ውስጥ፣ ተቆልፎ ከተቀመጠ ለብዙ አሥር ዓመታት ይቆያል። ጋራዥና የመኪና የኋላ ዕቃ መጫኛ ውስጥ አታስቀምጡ፣ የበጋው ሙቀትና እርጥበት ያበላሸዋል።

ካዝና ከ3 እስከ 4 ይኑራችሁ። ሽጉጥ ሲነክስ (ጥይት ሲቀረቀርበት) መጀመሪያ የሚጠረጠረው ካዝናው ነው። በቀለም ቁጥር ጻፉባቸው፣ የሚያስቸግረው ቶሎ ይታወቃል። ሜሪላንድ ውስጥ ከ10 ጥይት በላይ የሚይዝ ካዝና አይሸጥም።

7. ሬንጅ ላይ አረጋግጡ

አዲስ ሽጉጥ ከሣጥን ወጥቶ አይታመንም። 200 ያህል የልምምድ፣ ከዚያ ለቤት ከያዛችሁት 50 ተኩሱበት። ይህን ሁሉ ሳይነክስ ከጨረሰ ለቤት ይሁን። ከነከሰ ካዝና ቀይሩ፣ የጥይት ዓይነት ቀይሩ፣ አጨባበጣችሁን ለአሠልጣኝ አሳዩ፤ እጅ አንጓ ላይ ከላላ ስላይዱ ሙሉ አይመለስም።

የሚከተሉት አራቱ ድርድር የላቸውም።

- ሁልጊዜ እንደጎረሰ ቁጠሩት፣ ባዶ ነው ቢባልም ራሳችሁ ካዝናውን አውጥታችሁ ጎሬውን (በርሜሉ ሥር ጥይት የሚጎርስበትን ቦታ) እዩ።
- መምታት ወደማትፈልጉት ነገር አፈሙዙን አታዙሩ።
- ኢላማው ላይ ሳታነጣጥሩ ጣታችሁ ምላጭ አይንካ።
- ኢላማውንም ከኢላማው ጀርባ ያለውንም እወቁ።

ሁለት ድምፆችን ለዩ። «ቀጭ» ብሎ ካልተኮሰ አፈሙዙን ወደ ኢላማው እንደያዛችሁ 30 ሴኮንድ ጠብቁ፣ ዘግይቶ ሊፈነዳ ይችላል። ከወትሮው የደከመ «ፐፍ» ከሰማችሁ ደግሞ ወዲያው አቁሙ። እርሳሱ በርሜሉ ውስጥ ቀርቶ ይሆናል፣ ቀጣዩ ሽጉጡን ይሰነጥቃል፣ እጃችሁንም ይጎዳል። የሬንጁን ሠራተኛ ጥሩ።

ስትጨርሱ እጅና ፊት በቀዝቃዛ ውኃና በሳሙና ታጠቡ። እርሳስ መርዝ ነው። በዚያው ልብስ ሕፃን አትቀፉ።

8. የቤቱን ዕቅድ ተነጋገሩ

ሌሊት ድምፅ ሲሰማ ሥራው ፍለጋ መውጣት አይደለም። ሁሉም ወደ አንድ ክፍል ይገባል፣ በር ይቆለፋል፣ 911 ይደወላል። አድራሻውን አስቀድማችሁ ተናገሩ። እንግሊዝኛው ካስቸገረ «አምሐሪክ» በሉ፣ አስተርጓሚ በስልክ ሊያገናኙ ይችላሉ። ቤት ውስጥ መሣሪያ እንዳለ፣ ምን እንደለበሳችሁ ንገሩ። ፖሊስ ሲገባ እጃችሁ ላይ ሽጉጥ እንዳይኖር፤ ፖሊሱ የቤቱ ባለቤት ማን እንደሆነ አያውቅም።

ከዚህ ሁሉ የሚያስፈራኝ ግን ሌላ ነው። በኛ ቤት አንድ ሰው በሌሊቱ 8 ሰዓት ከሥራ ይገባል፣ ያክስት ልጅ ሳሎን ተኝቶ ለውኃ ይነሣል፣ ጓደኛ ትርፍ ቁልፍ አለው። ስለዚህ ሁሉም የሚያውቀው መጠሪያ ቃል ይኑር፣ የሚያመሽ ሰው መልእክት ይላክ። ሳታዩ አትተኩሱ። የእጅ ባትሪው ለዚህ ነው፣ ዋጋው ከአንድ ሣጥን ጥይት አይበልጥም።

ንብረት ለማትረፍ ብሎ ሰው ላይ መተኮስ ወንጀል ነው። የሚሸሽ ሌባ ላይም እንደዚሁ። ሜሪላንድ ውስጥ ከቤት ውጭ ማምለጥ ከቻላችሁ መሸሽ ግዴታ ነው። ሥልጠና ስትመርጡ የሕጉን ክፍል የሚያስተምር ይሁን።

9. መኪና፣ ሥራና ጉዞ

ኡበርና ሊፍት ለሾፌርም ለተሳፋሪም መሣሪያ ይከለክላሉ። ፈቃድ ቢኖራችሁም አካውንታችሁ ይዘጋል።

ሽጉጥ ታጥቆ ለመንቀሳቀስ የሚሰጠው የቨርጂንያ ፈቃድ ዲሲም ሜሪላንድም አይሠራም። ድልድዩን ስትሻገሩ ሕጉ ተቀየረ ማለት ነው። ወደ ሬንጅ ስትሄዱ ሽጉጡ ባዶ፣ በተቆለፈ ሣጥን፣ የመኪናው የኋላ ዕቃ መጫኛ ውስጥ፣ ጥይቱ ለብቻው ይሁን። በየመንገዱ እየቆማችሁ ገበያ አትዙሩ።

የሬንጅ ቦርሳችሁ ለሌላ ጉዞ አይሁን። ደለስ ኤርፖርት ፍተሻ ላይ በኪሱ ጥግ የቀረች አንዲት ጥይት ጉዞ ታስቀራለች፣ በመተላለፊያ አገር ደግሞ ልታሳስር ትችላለች።

ብዙ ጊዜ የማያቸው ስሕተቶች

- የቤቱን አንድ ጥይት ደጋግሞ ማጉረስና ማውጣት። እርሳሱ ወደ ቀለሁ እየሰመጠ ይሄዳል፣ ሲተኮስ ግፊቱ ከመጠን በላይ ይሆናል። አጥሮ ከታየ ለዩት፣ አትተኩሱት።
- ዘይት ማብዛት። አቧራ ይሰበስባል። ጥቂት ጠብታ ይበቃል።
- ካዝና ሳያወጡ ማጽዳት መጀመር። መጀመሪያ ካዝናውን አውጡ፣ ከዚያ ጎሬውን እዩ። ቅደም ተከተሉ ከተገላበጠ ጎሬው ውስጥ ሌላ ጥይት ይገባል። ጥይቱም ሌላ ክፍል ይቀመጥ።
- ገዝቶ ሳይተኩሱ ዓመት ማሳለፍ። በሁለት ወር አንዴ 50 ጥይት መተኮስ እጅ እንዳይረሳ ያደርጋል።
- ፎቶ አንስቶ ሶሻል ሚዲያ ላይ መለጠፍ። ለሌባ ማስታወቂያ ነው።
- የመለያ ቁጥሩን አለመመዝገብ። ከተሰረቀ ፖሊስ መጀመሪያ የሚጠይቃችሁ እሱን ነው።

በአሜሪካ በመሣሪያ ከሚሞተው ሰው ከግማሽ በላይ ራሱን ያጠፋ ነው። ቤት ውስጥ ጭንቀት የያዘው፣ ሥራ ወይም ትዳር ያጣ፣ እንቅልፍ የራቀው ሰው ካለ ሽጉጡ ለጊዜው ከቤት ይውጣ። አንዳንድ ሱቆችና ሬንጆች በአደራ ያስቀምጣሉ፣ ደውላችሁ ጠይቁ። ራስን ለማጥፋት ላሰበ ወይም ለተጨነቀ ሰው የእርዳታ ስልክ የሆነው 988 ቀንም ሌሊትም ይሠራል።

«ወደ አዲስ አበባ ስሄድ ልውሰደው?» ለሚለው መልሱ አይሆንም ነው። ከአሜሪካ ማስወጣት የራሱ ፈቃድ አለው፣ ኢትዮጵያ ውስጥም መሣሪያ በአዋጅ ቁጥር 1177/2012 ያለ ፈቃድ መያዝ ወንጀል ነው። ለረጅም ጊዜ ስትሄዱ ሣጥኑ ውስጥ ቆልፉት። የመክፈቻውን ቁጥር ሽጉጡን መያዝ ለማይፈቀድለት ቤት ጠባቂ አትስጡ።